ፈረሱ እኩል ሲሆን ፈረሰኛው ይለያል

ሰው ለውድድር በወጣበት ዘመን ሁሉ አንድ የቈየ ጥያቄ ይነሣል። ቀድሞ የገባው ሰው በራሱ ችሎታ ቀደመን ወይስ በተቀመጠበት ፈረስ ብርታት? ይህ ጥያቄ ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ በምትገኘው በእንጅባራ፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር ኖሯል። በዚያ መስክ ላይ የሚወጣ ፈረሰኛ የሚጋልበው ራሱ ያሳደገውን፣ ራሱ የቀለበውንና ራሱ ያሠለጠነውን ፈረስ ነው። ስለዚህ ድሉ የሰውዬውም የፈረሱም ነው፤ ሁለቱን ለይቶ መፍረድ አይቻልም። አባቶቻችንም ሊለዩአቸው አልፈለጉም። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ መባላቸው የፈረስ ስም የጌታው ክብር ስለ ነበረ ነው።

የአውሮፓ ሰዎች ግን ፈረሱ ወደ ሞተር ከተለወጠ በኋላ ሁለቱን ለመለየት ሞከሩ። በመኪና እሽቅድምድም ባለጸጋው ፋብሪካ የተሻለ ሞተር ሲሠራ ጎበዙ ነጂ በደካማ መኪና ተቀምጦ ወደ ኋላ ይቀራል። ይህን ለማቅናት የታሰበው ዘዴ የአንድ ዓይነት መኪና ውድድር ነው። ደንቡ ቀላል ነው፤ ሁሉም በአንድ ፋብሪካ በተሠራ፣ ሞተሩና ጎማው አንድ በሆነ መኪና ይወዳደራሉ። እንግዲህ የሚቀረው ልዩነት የእጅ፣ የዐይንና የልብ ብቻ ይሆናል ተብሎ ታሰበ። ሐሳቡ እንደ ታሰበው ሠመረ ወይ የሚለውን ከታሪኩ እንመልከት።

ከእነዚህ ውድድሮች ስመ ጥር የሆነው ፕሮካር የተባለው ነው። የጀርመኑ ቤ ኤም ቬ ፋብሪካ ኤም 1 የተባለች መኪና አሰበ። መኪናይቱ በመንገድ እንድትሄድ ሆና ተሠርታ በውድድር ሜዳ ላይ እንድትጋፈጥ ነበር የታቀደችው። በታሰበላት የውድድር መደብ ለመግባት ግን ደንቡ 400 መኪናዎች ተሠርተው እንዲታዩ ያዛል። ለሥራው ውል የገባው የኢጣልያው ላምቦርጊኒ በገንዘብ እጦት ተቸገረ፤ ሥራውም ዘገየ። በዚህ ጊዜ የፋብሪካው የስፖርት ክፍል ኀላፊ ዮኸን ኔርፓሽ መኪናዎቹ ሥራ ፈትተው ከሚቀመጡ እርስ በርሳቸው ይወዳደሩ ሲል ዘዴ ፈጠረ።

የመጀመሪያው ውድድር በግንቦት 1971 ዓ.ም.፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1979፣ በቤልጅግ አገር በዞልደር ተደረገ፤ ያሸነፈውም ኢጣልያዊው ኤልዮ ዴ አንጄሊስ ነው። በመንገድ ላይ 277 የፈረስ ጉልበት የነበራት መኪና ለውድድሩ ስትዘጋጅ ወደ 470 ከፍ አለች። በፎርሙላ ዋን ልምምድ ፈጣን ሆነው የተገኙ አምስት ነጂዎች ፋብሪካው ባዘጋጃቸው መኪናዎች ከፊት ሲሰለፉ፣ ሌሎቹ በግል ቡድኖች መኪና ከኋላቸው ይሰለፉ ነበር። በ1979 ኒኪ ላውዳ፣ በ1980 ኔልሰን ፒኬ ሻምፒዮን ሆኑ። ከዚያም ውድድሩ ቆመ።

አድማጮች እንደምታስተውሉት፣ በዚህ ሥርዐት ውስጥ አንድ ነገር ተደብቋል። መኪናው አንድ ነው፤ ነገር ግን አንዱን የፋብሪካው መካኒኮች፣ ሌላውን በራሱ ወጪ የሚተዳደር ቡድን ያዘጋጀዋል። የፊተኛው መስመርም አስቀድሞ ለታወቁት ተሰጥቷል። እንግዲህ ብረቱን አንድ ማድረግ ተቻለ እንጂ፣ ብረቱን የሚያዘጋጀውን እጅና የሚቆምበትን ስፍራ አንድ ማድረግ አልተቻለም።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ የበለጠ ያስደንቃል። የእንግሊዙ ጃጓር በሰኔ 1980 ዓ.ም. በፈረንሣይ አገር በለ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ካሸነፈ በኋላ፣ የቡድኑ መሪ ቶም ዎኪንሾ ከዚያች መኪና የተወለደች፣ ኤክስ ጄ አር 15 የተባለች የመንገድ መኪና አሠራ። አካሏን ፒተር ስቲቨንስ ነደፈው። ሻንሲዋ ከካርቦን ፋይበር፣ ሞተሯ ባለ 12 ሲሊንደር ሲሆን፣ የተሠሩትም 50 ያህል ብቻ ናቸው። በ1983 ዓ.ም. ለእነዚህ መኪናዎች ብቻ ሦስት ውድድር ተዘጋጀ። አገራችን የመንግሥት ለውጥ ታይ በነበረበት በግንቦት ወር በሞናኮ እንግሊዛዊው ዴሪክ ዎሪክ አሸነፈ። በሐምሌ በሲልቨርስቶን የታላቁ ፋንጂዮ የወንድም ልጅ ሁዋን ማኑኤል ፋንጂዮ ዳግማዊ ቀደመ። በነሐሴ በስፓ ጀርመናዊው አርሚን ሃነ አሸንፎ አንድ ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። በውድድሮቹ መካከል መኪናዎቹ ተጋጭተው ብዙ ተጐዱ። ባለመኪናው አንድ፣ ነጂው ሌላ ስለ ነበረ፣ ነጂው በሰው ንብረት ላይ ተቀምጦ ለሽልማቱ መጋፋት አልከበደውም። እንጅባራ ላይ የገዛ ፈረሱን የሚጋልብ ሰው ግን የፈረሱን እግር ለአንድ ቀን ድል አይሰብርም።

ሥርዐቱ ግን በዚህ አልቀረም። ከ1993 የአውሮፓ ዓመት ጀምሮ የፖርሸ ሱፐር ካፕና የፌራሪ ቻሌንጅ፣ ከ2009 ጀምሮም የላምቦርጊኒ ሱፐር ትሮፌዮ የአንድ ዓይነት መኪና ውድድር ሆነው ተመሥርተዋል።

እንዲህ ያለ ውድድር በጎጃም ደጋ ቢደረግ ምን ይሆን ነበር? ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው። ያለ ተርቦ በተፈጥሮ አየር የሚሠራ ሞተር በዚያ ከፍታ የጉልበቱን አምስተኛ እጅ ያህል ያጣል። ስለዚህ የፕሮካር መኪና 470 የፈረስ ጉልበት ወደ 370 ይወርድ ነበር። ሁሉም ግን በእኩል ያጣሉና ማንም በማንም ላይ አይጠቀምም። የአየሩ ጫና ድኻና ሀብታም አይለይም፤ የመኪናው ዋጋ ግን ይለያል።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ መሣሪያን እኩል ማድረግ እውነተኛ ፍርድ ነው፤ ሜዳ ላይ ከገቡት መካከል የተሻለውን ይለያልና ሊናቅ አይገባም። ሁለተኛ፣ ይህ ፍርድ ከሜዳው አጥር አያልፍም። ማን ወደ ሜዳው ገባ፣ ማንስ ከውጭ ቀረ የሚለውን አይመልስም። በትምህርት ቤት የፈተናው ወረቀት ለሁሉም ተማሪ አንድ ነው። ነገር ግን አንዱ በኤሌክትሪክ መብራት አጥንቶ፣ ሌላው ቀን ከብት ሲጠብቅ ውሎ ማታ በኩራዝ አጥንቶ ይቀመጣል። ወረቀቱ አንድ መሆኑ ተገቢ ነው፤ ግን ወረቀቱ አንድ ስለ ሆነ ብቻ ተማሪዎቹ እኩል ተወዳድረዋል ብሎ የሚደመድም ዳኛ፣ በፕሮካር ፊተኛ መስመር የተሰለፉትን ብቻ አይቶ እንደሚፈርድ ሰው ነው።

ስለዚህ፣ ክቡራን አድማጮች፣ አሸናፊን ስናመሰግን ፈረሱን እንጠይቅ፤ ከዚያም አልፈን ፈረሱን ማን እንደ ሰጠው እንጠይቅ።