የውሰት እግር

የዕለት እንጀራዬን የማገኘው ከባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ ነው። ብድር ፈላጊ በመጣ ቁጥር አስቀድሜ የምጠይቀው መያዣውን ነው፤ ቀጥሎም ያ ንብረት ቢጎዳ ከፋዩ ማን እንደሆነ በውሉ ላይ መስፈሩን አያለሁ። የጎረቤቱን በሬ ተውሶ ያረሰ ገበሬም፣ በሬው ገደል ቢገባበት፣ ቀንበሩን ብቻ ተሸክሞ ወደ ባለቤቱ ደጅ የሚሄድበት ፊት አይኖረውም። ከእግር ኳስ ታሪኮች ሁሉ የኡልሜርስ ጉዳይ ተለይቶ የያዘኝ ምናልባት ለዚህ ይሆናል።

አብደልማጂድ ኡልሜርስ በቤልጂየም የሻርለርዋ ክለብ አማካይ ተጫዋች ነበር። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2004 ለሞሮኮ ብሔራዊ ቡድን ተጠርቶ ከቡርኪና ፋሶ ጋር በተደረገ የወዳጅነት ጨዋታ ላይ የቁርጭምጭሚቱ ጅማት ተበጠሰ፤ ስምንት ወር ያህልም ከሜዳ ራቀ። በጊዜው በነበረው የፊፋ ደንብ ክለቡ ተጫዋቹን መልቀቅ ግዴታው ነበር። ደመወዝ ከፋዩ ክለቡ፣ መድን ገቢው ክለቡ፣ ካሳ የማያገኘውም ያው ክለቡ! እንዲህ ያለ ውል በእኔ ጠረጴዛ ላይ ቢቀርብ ፊርማዬን አላኖርበትም ነበር።

ሻርለርዋ፣ ያ በድንጋይ ከሰል አገር የሚኖር ትንሽ ክለብ፣ ፊፋን ከሰሰ። ጂ-14 የተባለው የባለጠጋ ክለቦች ማኅበርም፣ እነ ሪያል ማድሪድና እነ ማንቸስተር ዩናይትድ ያሉበት፣ ከጎኑ ተሰለፈ። በሜይ 2006 የከተማዪቱ የንግድ ፍርድ ቤት ጥያቄውን ሉክሰምበርግ ወደሚገኘው የአውሮፓ ፍርድ ቤት መራው። በ1995 ያው ፍርድ ቤት በሌላው የቤልጂየም ተጫዋች በቦስማን ጉዳይ የዝውውሩን ሥርዓት ከሥሩ እንደናደው የማያስታውስ አልነበረምና ሹማምንቱ ተጨነቁ።

ፍርዱ ግን አልመጣም። በጃንዋሪ 2008 ባለጉዳዮቹ ታረቁ፤ ጂ-14 ሊፈርስ፣ ክሱም ሊነሣ፣ ክለቦችም ከአውሮፓና ከዓለም ዋንጫ ገቢ ድርሻ ሊያገኙ ተስማሙ። በ2012 ደግሞ ፊፋ ለብሔራዊ ቡድን ሲጫወት ከ28 ቀን በላይ የሚያስተኛ ጉዳት ለደረሰበት ተጫዋች ደመወዝ፣ በዓመት እስከ 7.5 ሚሊዮን ዩሮ፣ ለክለቡ የሚተካ መድን አቆመ።

ሒሳቡ ተዘጋ እንላለን እኛ ባንከኞች። እኔ ግን በዚያ ሁሉ ክርክር ውስጥ ሰውዬውን ፈለግሁት። ጉዳዩ በስሙ ይጠራል፤ እርሱ ግን ከሳሽም ተከሳሽም አልነበረም። እግሩ ነው የተከራከሩበት።

ሆላንዳዊው አርየን ሮበንም በ2010 የዓለም ዋንጫ እስከ ፍጻሜው ተጫውቶ ሲመለስ፣ የባየርን ሙኒክ ሐኪሞች የጭኑ ጡንቻ ተቀዶ አገኙት፤ እስከ ጃንዋሪ 2011ም አልተሰለፈም። ክለቡ ካሳ ጠየቀ። በስምምነቱም የሆላንድ ቡድን ሙኒክ መጥቶ የወዳጅነት ጨዋታ አደረገ፤ ቀኑ ሜይ 22 ቀን 2012 ነበር። ከሦስት ቀን በፊት፣ በዚያው ሜዳ፣ ሮበን በቼልሲ ላይ ፍጹም ቅጣት ምት ስቶ ባየርን የአውሮፓን ዋንጫ አጥቷል። ለእግሩ ካሳ በተዘጋጀው በዚያ ጨዋታ የአገሩን ማሊያ ለብሶ ገባ፤ ኳስ በነካ ቁጥር የገዛ ክለቡ ደጋፊዎች በፉጨት ተቀበሉት።