ምናባዊ መሣሪያ (ኮምፒዩተር)

ምናባዊ መሣሪያ በሶፍትዌር ብቻ የሚፈጠር፣ ለሌሎች ፕሮግራሞች ግን እንደ እውነተኛ መሣሪያ ሆኖ የሚታይ የኮምፒዩተር ክፍል ነው። የሚዳሰስ አካል የለውም፤ ገመድም ሶኬትም አያስፈልገውም። ሆኖም ፕሮግራሞች እንደ ካሜራ ሊከፍቱት፣ እንደ ዲስክ ሊጽፉበት ወይም እንደ ኔትወርክ ካርድ መረጃ ሊልኩበት ይችላሉ። ለምሳሌ ቪፒኤን በሚሠራበት ኮምፒዩተር ላይ ከእውነተኛው የኔትወርክ ካርድ በተጨማሪ አንድ ምናባዊ ካርድ ይገኛል።

ምናባዊ መሣሪያን በተመለከተ የስርዓተ ክወና ሠሪዎችን ለረጅም ጊዜ ያከራከረው ጥያቄ «ማን ይፍጠረው?» የሚለው ነው። አንዱ ምርጫ በከርነል ውስጥ የሚሠራ ድራይቨር ሲሆን ሌላው እንደማንኛውም መተግበሪያ የሚሠራ የተጠቃሚ ፕሮግራም ነው። ምርጫው የመሣሪያውን ፍጥነት ብቻ ሳይሆን ስህተት ሲፈጠር ጉዳቱ እስከ የት እንደሚደርስም ይወስናል። ዛሬ በስፋት የሚሠራበት መንገድ ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው፦ ከርነሉ የመሣሪያውን መልክ ብቻ ያቀርባል፣ የመሣሪያውን ጠባይ ግን የተጠቃሚው ፕሮግራም ይወስናል።

ሁለቱ የሥራ ክልሎች

ዘመናዊ ፕሮሰሰር ፕሮግራሞችን ቢያንስ በሁለት የሥልጣን ደረጃዎች ያሠራል። በላይኛው ደረጃ የሚሠራው ከርነል፣ ማለትም የስርዓተ ክወናው እምብርት ነው። ከርነል ማህደረ ትውስታውን በሙሉ ማንበብና መለወጥ፣ ዲስኩንና የኔትወርክ ካርዱንም በቀጥታ ማዘዝ ይችላል። በታችኛው ደረጃ የሚሠሩት እንደ ድር ማሰሻና የጽሑፍ ማዘጋጃ ያሉ የተጠቃሚ ፕሮግራሞች ናቸው። እነዚህ የተመደበላቸውን የማህደረ ትውስታ ክፍል ብቻ ይጠቀማሉ፤ መሣሪያ ሲያስፈልጋቸውም «የስርዓት ጥሪ» በሚባለው መንገድ ከርነሉን ይጠይቃሉ።

ድራይቨር በከርነልና በአንድ መሣሪያ መካከል እንደ አስተርጓሚ የሚያገለግል ፕሮግራም ነው። እንደ ሊኑክስ ባሉ ስርዓቶች አብዛኞቹ ድራይቨሮች የከርነሉ አካል ናቸው። አንድ መተግበሪያ ሲበላሽ ብዙውን ጊዜ የሚዘጋው እሱ ብቻ ነው፤ በከርነል ውስጥ ያለ ድራይቨር ሲበላሽ ግን ኮምፒዩተሩን በሙሉ ሊያቆመው ይችላል።

ይህ ልዩነት በ1992 እ.ኤ.አ. በአንድሩ ታነንባም እና በሊነስ ቶርቫልድስ መካከል በጽሑፍ ለተካሄደው ታዋቂ ክርክር አንዱ መነሻ ነበር። የሚኒክስ ደራሲ የሆነው ታነንባም ከርነል በጣም አነስተኛ ሆኖ ድራይቨሮችን የመሰሉ ክፍሎች ከእሱ ውጭ መሥራት አለባቸው ይል ነበር። የሊኑክስ ጀማሪ ቶርቫልድስ ደግሞ ሁሉንም በአንድ ከርነል ያሰባሰበውን የራሱን አሠራር ተከላክሏል።

በከርነል ውስጥ መፍጠር

ከሁሉም የሚታወቀው ምናባዊ መሣሪያ ከዩኒክስ የተወረሰው «ኑል» ነው። የተጻፈበትን ሁሉ ይጥላል፤ ሲነበብ ደግሞ ወዲያውኑ የፋይል መጨረሻ ላይ እንደደረሰ ያሳውቃል። ሥራው በጣም አጭርና የማይለወጥ ስለሆነ በከርነል ውስጥ መቀመጡ አያከራክርም። አንድን ፋይል እንደ ዲስክ የሚያሳየው የሊኑክስ «ሉፕ» መሣሪያም የከርነል አካል ነው።

የዚህ አሠራር ዋና ጥቅሞች ሁለት ናቸው። አንደኛ፣ መሣሪያው በስርዓቱ የታወቀ ስለሆነ መጠቀም የተፈቀደለት ፕሮግራም ሁሉ ያለ ልዩ ዝግጅት ያገኘዋል። ሁለተኛ፣ መረጃው በከርነልና በተጠቃሚ ፕሮግራም መካከል መመላለስ ስለማያስፈልገው ሥራው ይፈጥናል።

ጉዳቱ የሚታየው ድራይቨሩ ሲወሳሰብ ወይም ከከርነሉ ይፋዊ ስብስብ ውጭ ሲሆን ነው። በሊኑክስ ላይ ምናባዊ ካሜራ የሚፈጥረው ቪ4ኤል2-ሉፕባክ ለዚህ ምሳሌ ነው። ከከርነሉ ተለይቶ የሚሰራጭ በመሆኑ ከርነሉ በአዲስ ሲተካ ድራይቨሩም ለአዲሱ ከርነል እንደገና መገንባት አለበት። ኮምፒዩተሩ ያልተፈረመበት ኮድ ወደ ከርነል እንዳይገባ የሚከለክል ከሆነ ደግሞ ፊርማ ያስፈልገዋል።

በከርነል ውስጥ የሚፈጠር ስህተት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ጁላይ 19 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ታይቷል። በዚያ ቀን ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ሶፍትዌር ኩባንያ ያሰራጨው የተበላሸ ማሻሻያ በዊንዶውስ ከርነል ውስጥ የሚሠራውን የራሱን ድራይቨር አሰናከለ። በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒዩተሮች ተጎድተዋል፤ የአየር መንገዶች፣ የሆስፒታሎችና የባንኮች ሥራም ተስተጓጉሏል። ድራይቨሩ ምናባዊ መሣሪያ የሚፈጥር ባይሆንም አደጋው ለማንኛውም የከርነል ኮድ አንድ ዓይነት ነው።

በተጠቃሚ ፕሮግራም መፍጠር

ሊኑክስ ፕሮግራሞች የራሳቸውን ምናባዊ መሣሪያ የሚያስመዘግቡባቸው በርካታ በሮች አሉት። ከእነዚህ ውስጥ የታወቁት የሚከተሉት ናቸው፦

ታን እና ታፕ፦ ምናባዊ የኔትወርክ ካርድ ለመፍጠር ያገለግላሉ። ታን የአይፒ ፓኬቶችን፣ ታፕ ደግሞ የኢተርኔት ፍሬሞችን ያስተላልፋል። ፕሮግራሙ የተወሰነ የመሣሪያ ፋይል ከፍቶ ካርዱን ያስመዘግባል። ከዚያ በኋላ ሌሎች ፕሮግራሞች ወደ ካርዱ የሚልኩትን ፓኬት ከፋይሉ ያነባል፤ እሱ በፋይሉ ላይ የሚጽፈው ደግሞ ከውጭ የመጣ ፓኬት ሆኖ ይታያል። ካርዱ ቋሚ እንዲሆን ካልታዘዘ በቀር ፕሮግራሙ ሲዘጋ አብሮ ይጠፋል።

ፊውዝ፦ የፋይል ስርዓት ከከርነል ውጭ ለመጻፍ ያስችላል። በ2005 እ.ኤ.አ. የሊኑክስ ከርነል አካል ሆኗል። በሩቅ ሰርቨር ላይ ያሉ ፋይሎችን በአቃፊ መልክ ለማሳየት በሰፊው ይሠራበታል።

ዩ-ኢንፑት፦ ምናባዊ የቁልፍ ሰሌዳ፣ ማውዝ ወይም የጨዋታ መቆጣጠሪያ ለመፍጠር ያገለግላል።

በሦስቱም የከርነሉ ድርሻ አነስተኛና ቋሚ ነው። የሚለዋወጠውና ስህተት የሚበዛበት ሥራ ከከርነል ውጭ ስለሚቀር ፕሮግራሙ ሲሰናከል እንደገና ማስጀመር ብዙ ጊዜ በቂ ነው። ክፍያው ፍጥነት ነው። በፊውዝ አንድ ፋይል ለማንበብ የቀረበ ጥያቄ መጀመሪያ ወደ ከርነል፣ ከዚያ የፋይል ስርዓቱን ወደሚያስተዳድረው ፕሮግራም ይሄዳል፤ መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል።

የድራይቨርን እርዳታ ጨርሶ የማይጠይቅ ሦስተኛ መንገድም አለ። በሊኑክስ የድምፅ አገልጋይ የሆነው ፐልስ-ኦዲዮ በራሱ ውስጥ ምናባዊ ድምፅ ማጉያ መፍጠር ይችላል። ይሁን እንጂ ይህን ድምፅ ማጉያ የሚያገኙት በዚያ አገልጋይ በኩል የሚሠሩ ፕሮግራሞች ብቻ ናቸው፤ ከርነሉ ስለ መኖሩ አያውቅም።

የቪፒኤን ምሳሌ

ቪፒኤን ሁለቱን አሠራሮች ጎን ለጎን ለማየት ይመቻል። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው ኦፕን ቪፒኤን ምናባዊ ካርዱን የሚፈጥረው በታን ወይም በታፕ ሲሆን ፓኬቶቹን የሚያመሰጥረው በተጠቃሚ ፕሮግራም ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ፓኬት ከከርነል ወጥቶ፣ ተመስጥሮ፣ ተመልሶ ይገባል። ይህ ምልልስ በፈጣን መስመር ላይ ጎልቶ ይታያል።

ጄሰን ዶነንፌልድ የሠራው ዋየርጋርድ ግን ካርዱንም ማመስጠሩንም በከርነል ውስጥ አደረገ። በማርች 2020 እ.ኤ.አ. ከወጣው ሊኑክስ 5.6 ጀምሮ የከርነሉ አካል ነው። ወደ ከርነል ለመግባት ካቀረባቸው መከራከሪያዎች አንዱ አነስተኛነቱ ነበር፤ ዋናው ኮድ 4,000 መስመር ያህል ስለሆነ አንድ ባለሙያ ሙሉውን አንብቦ ሊመረምረው ይችላል። ያም ሆኖ በጎ ቋንቋ የተጻፈ፣ በተጠቃሚ ክልል የሚሠራ ሌላ የዋየርጋርድ ፕሮግራም አለ፤ ለምሳሌ በማክኦኤስ ላይ የሚያገለግለው እሱ ነው። ኦፕን ቪፒኤን በበኩሉ በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው 2.6 እትም ፓኬቶችን የማመስጠሩን ሥራ ለከርነል ድራይቨር የመስጠት አማራጭ ጨምሯል። የተጠቃሚን ማንነት ማረጋገጥንና ቁልፍ መለዋወጥን የመሰለው ውስብስብ ሥራ ግን በተጠቃሚ ፕሮግራሙ ውስጥ እንደቆየ ነው።

የፈቃድ ጥያቄ

መሣሪያን በተጠቃሚ ፕሮግራም መፍጠር ከአደጋ ነፃ አይደለም። በዩ-ኢንፑት የተፈጠረ የቁልፍ ሰሌዳ የሚልከውን ምት ስርዓቱ ሰው ከነካው ቁልፍ አይለየውም። ስለዚህ ይህን በር የመጠቀም ፈቃድ ያገኘ ተንኮለኛ ፕሮግራም በባለቤቱ ስም ትእዛዝ ሊጽፍ ይችላል። በሩ በብዙ የሊኑክስ ስርጭቶች ለአስተዳዳሪው ብቻ ክፍት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የግዕዝ ፊደል አጻጻፍ

ምናባዊ መሣሪያ መፍጠር የማያስፈልግበት ጥሩ ምሳሌ የአማርኛ አጻጻፍ ነው። የቁልፍ ሰሌዳ፣ እውነተኛም ሆነ ምናባዊ፣ ለሊኑክስ ከርነል የሚልከው ፊደል ሳይሆን የቁልፍ ቁጥር ነው። በዩኒኮድ መደበኛው የግዕዝ ክፍል ከ300 በላይ ፊደላትና ምልክቶች ሲኖሩ በተለመደው የቁልፍ ሰሌዳ ላይ ያሉት ቁልፎች ግን 100 ገደማ ናቸው። ስለዚህ «ለ» እና «ሉ»ን የመሰሉ ፊደላት ብዙ ጊዜ ቁልፎችን በተከታታይ በመምታት ይጻፋሉ። ምቶቹን ወደ ፊደል የሚለውጠው ከከርነል በላይ የሚሠራ የአጻጻፍ ስልት ፕሮግራም ነው። አዲስ የአማርኛ አጻጻፍ ስልት ለማዘጋጀት የሚፈልግ ሰውም ድራይቨር መጻፍ አይጠበቅበትም።

በሌሎች ስርዓቶች

ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አንዳንድ ድራይቨሮች ከከርነል ውጭ የሚሠሩበትን ማዕቀፍ አቅርቧል። በዊንዶውስ 10 ምናባዊ ስክሪን የሚፈጥሩ ድራይቨሮችም በተጠቃሚ ክልል መሥራት ይችላሉ። አፕል በ2019 እ.ኤ.አ. ከማክኦኤስ ካታሊና ጋር ድራይቨርኪት የተባለውን ማዕቀፍ አውጥቶ ሌሎች ኩባንያዎች የከርነል ቅጥያዎችን እንዲተዉ ማበረታታት ጀምሯል።

የምርጫ መመዘኛዎች

ምናባዊ መሣሪያ ለመሥራት የሚያቅድ ሰው በተለምዶ የሚከተሉትን ነጥቦች ይመዝናል፦

መሣሪያውን የሚፈልገው አንድ ፕሮግራም ብቻ ከሆነ መሣሪያ መፍጠር ሳያስፈልግ ቤተ መጻሕፍት ወይም አገልጋይ ሊበቃ ይችላል።

ማንኛውም ፕሮግራም እንዲያየው ከተፈለገና እንደ ታን፣ ፊውዝ ወይም ዩ-ኢንፑት ያለ ዝግጁ በር ካለ የተጠቃሚ ፕሮግራም ይመረጣል።

ዝግጁ በር ከሌለ ወይም በልኬት የተረጋገጠ የፍጥነት ችግር ካለ የከርነል ድራይቨር ተገቢ ይሆናል። ያን ጊዜም ወደ ከርነል የሚገባው ፍጥነት የሚጠይቀው ክፍል ብቻ ሲሆን ቅንብሩና ውሳኔው በተጠቃሚው ፕሮግራም ውስጥ ይቀራሉ።