ግልገል ጊቤና የወባ ጥናት

ግልገል ጊቤ 1 ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ አጠገብ በግልገል ጊቤ ወንዝ ላይ የተሠራ፣ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የኃይል ማመንጫ ግድብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ ሲጀምር ቀድሞ ማሳና ግጦሽ የነበረው ሸለቆ ሐይቅ ሆነ።

ሐይቁ ለጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥያቄ ይዞ መጣ፦ ውሃው ወባን ያባብሳል ወይ?

እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጥናት ከግድቡ በ3 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ የሚኖሩ ሕፃናት ከ5 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ርቀው ከሚኖሩት ይልቅ ለወባ የተጋለጡ ሆነው ተገኙ። ነገሩ ያለቀለት መሰለ። ተመራማሪዎቹ ግን ሌላ ጥናትም ይዘው ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2010 በ16 መንደሮች ከ10 ዓመት በታች የሆኑ 2,080 ልጆችን በየሳምንቱ ቤት ለቤት እየዞሩ ተከታተሉ። በዚህኛው ጥናት ፋልሲፓረም በተባለው የወባ ዓይነት የመያዝ ዕድል ለግድቡ በመቅረብ ብቻ ጎልቶ አልጨመረም። ጎልቶ የታየው የወቅት ለውጥ ነበር፤ በሽታው ክረምቱ ሲወጣ ይበረታል።

በአካባቢው ወባን በዋናነት የምታስተላልፈው ትንኝ አኖፌለስ አረቢየንሲስ ናት። ጥልቅ ውሃ አይመቻትም፤ የምትመርጠው ፀሐይ የሚያገኘውን ጥልቀት የሌለው ኩሬ፣ የዝናብ ውሃ ጥርቅምና የከብት ኮቴ የፈጠረውን ጉድጓድ ነው። ስለዚህ በአካባቢው ያለ አንባቢ ሐይቁን ብቻ ሳይሆን በደጁ የታቆረውንም ውሃ ይመልከት።