ከጊታሩ ጀርባ ያለው ሣጥን

በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የአዲስ አበባ ባንዶች የተነሡትን ፎቶግራፍ ያየ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በዘፋኙ ላይ፣ ቀጥሎም በሳክስፎኑ ላይ ነው። ከጊታር ተጫዋቹ ጀርባ መሬት ላይ የተቀመጠውን ሣጥን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። የዝግጅት ክፍሉ ለዚህ ለአሥረኛው ዓመት መጽሔታችን ስለ ሙዚቃችን አንድ ነገር እንድጽፍ ሲጠይቀኝ፣ ስለ ዘፋኞቹ ብዙ የተባለ በመሆኑ ስለዚያ ሣጥን፣ ማለትም ስለ አምፕሊፋየሩ ለመጻፍ መረጥሁ። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ከማውቃቸው አንጋፋ ጊታር ተጫዋቾች መካከል አንዳንዶቹ መጫወት የተዉት ጣታቸው ስለ ደነዘዘ አይደለም፤ ሣጥኑን ከመኪና የሚያወርድላቸው ስለጠፋ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። የኤሌክትሪክ ጊታር ብቻውን ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል። ከክሮቹ ሥር ያለው ማግኔት ንዝረቱን ወደ ደካማ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፤ ያንን አጎልብቶ ስፒከሩን የሚያንቀጠቅጠው አምፕሊፋየሩ ነው። በዱሮው አሠራር ይህን ሥራ የሚሠራው ቲዩብ የሚባለው፣ እንደ አምፖል የሚግልና የሚፈካ፣ አየር የወጣለት የመስታወት ብልቃጥ ነው። አሜሪካዊው ሊ ደ ፎረስት በ1906 ደካማ ምልክትን ለማጎልበት የሚያገለግለውን ቲዩብ ሠራ። በ1947 መጨረሻ በቤል ላቦራቶሪ ትራንዚስተር ሲፈለሰፍ ግን የቲዩብ ዕድሜ ያከተመ መሰለ። ሬዲዮኑም ቴሌቪዥኑም ፊቱን ወደ ትራንዚስተር አዞረ። የጊታር ሰዎች ግን አሻፈረን አሉ። ነገሩ ግትርነት ብቻ አልነበረም። ቲዩብ ከዐቅሙ በላይ ሲጠየቅ ድምፁን በአንድ ጊዜ አይሰብረውም፤ ቀስ እያለ ያወፍረዋል። ጣት ሲጠነክር ይቆጣል፣ ጣት ሲላላ ይለሰልሳል። የዱሮው ትራንዚስተር ግን ልኩን ካለፈ ወዲያው እንደ ተቀደደ ጨርቅ ይንጫረራል።

ወደ አገራችን እንመለስ። ዘመናዊው ሙዚቃ በአዲስ አበባ ያደገው በመንግሥት ኦርኬስትራዎች ውስጥ ነው። የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊት፣ እንዲሁም በ1955 የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራ እያንዳንዳቸው የሙዚቀኛ ትምህርት ቤት ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚህ ከተማ እጅግ ብዙ አድማጭ ያላቸው፣ በ2022 ያረፉት አርቲስት ዓሊ ቢራም በክቡር ዘበኛ በኩል አልፈዋል። እዚያ መሣሪያው የክፍሉ ንብረት ነው። ተጫዋቹ “የትኛው አምፕሊፋየር ይሻለኛል?” ብሎ የሚጨነቅበት ምክንያት አልነበረም፤ የተሰጠውን ይጫወታል።

የምሽት ክበቦች ሲበዙም ነገሩ ብዙ አልተለወጠም። መሣሪያውን የሚገዛው የክበቡ ባለቤት ሆነ፤ መሣሪያው የእሱ ስለሆነ ባንዱም የእሱ ነበር። ተጫዋቹ ከባለቤቱ ጋር ቢጣላ ባዶ እጁን ይወጣል። ስለዚህ ዋልያስ ባንድ የራሱን መሣሪያ ከገዙት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ መሆኑ በእኔ ግምት እንደ አንድ ሸክላ መታተም የሚቆጠር ታሪክ ነው። ዋልያሶች በሂልተን ለዓመታት ሲጫወቱ በገዛ መሣሪያቸው የሚደራደሩ ሰዎች ነበሩ። በራስ ሆቴል ደግሞ አይቤክስ ባንድ ነበር፤ ሰላም ስዩም በጊታር፣ ጆቫኒ ሪኮ በቤዝ። ከአርቲስት ማሕሙድ አሕመድ ጋር በ1975 የተጫወቱት “ኧረ መላ መላ” በ1986 ቤልጅግ አገር ታትሞ የውጭውን ጆሮ ወደ እኛ ሙዚቃ መልሷል። የዚያ ዘመን ሸክላዎች ላይ ጊታሩን ብቻ ለይታችሁ አድምጡት። የሮክ ሰዎች የሚወዱት ጩኸት የለበትም። ጥርት ያለ ነው፤ በናሱና በኦርጋኑ መካከል ገብቶ ምቱን ይይዛል። አምፕሊፋየር ስንመርጥ ይህ ድምፅ ከጆሯችን መጥፋት የለበትም።

በ1981 ዋልያስ ወደ አሜሪካ መጣ። ጉዞው ሲያበቃ ኃይሉ መርጊያና ግርማ በየነን ጨምሮ አራቱ እዚሁ ቀሩ። አርቲስት ኃይሉ በዋሽንግተን ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሲነዱ ኪቦርዳቸውን በመኪናቸው ይዘው ደንበኛ እስኪመጣ ይለማመዱ እንደነበር የታወቀ ነው። በ2013 የ1985 ካሴታቸው እንደገና ሲታተም ዓለምን ዞረው ለመጫወት የበቁት ስላላቋረጡ ነው። ይህንንም ያስቻላቸው ኪቦርድ ቀላል፣ በባትሪም የሚሠራ ዕቃ መሆኑ ነው። ጊታር ተጫዋች እንዲህ ያለ ዕድል አልነበረውም። ከዚህም በላይ ያው ኪቦርድ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ድራሙንም፣ ቤዙንም፣ ጊታሩንም በአንድ ሰው እጅ አስገባቸው። ሠርግ ላይ አንድ ኪቦርድና አንድ ዘፋኝ ከበቁ ጊታርን ማን ይጠራል? በመንትዮቹ ከተሞችም የሆነው ይኸው ነው።

የሚገርመው ቲዩብን ከሞት ካስነሡት ሰዎች አንዱ የዚሁ ከተማ ሰው መሆኑ ነው። ዊልያም ጆንሰን የተባለው መሐንዲስ በ1970፣ ሁሉም ወደ ትራንዚስተር በዞረበት ጊዜ፣ ኦዲዮ ሪሰርች የተባለውን ኩባንያ በሚኒያፖሊስ አቋቁሞ የቲዩብ አምፕሊፋየር መሥራት ጀመረ። የእሱ ዕቃ ለቤት ሙዚቃ ማድመጫ እንጂ ለጊታር አልነበረም፤ ቢሆንም ቲዩብ ያለፈበት ነገር እንዳልሆነ ለዓለም አሳይቷል። ፕሪንስ በፊልሙ የያዘው ደመና መሰል ጊታርም የተሠራው እዚሁ ሚኒያፖሊስ በሚገኝ የሙዚቃ ዕቃ መደብር ነበር።

እንግዲህ ዛሬ ስድሳ ዓመት ያለፈው ጊታር ተጫዋች ምን ይግዛ? ብዙዎች የሚያልሙት የፌንደርን ትዊን ሪቨርብ ነው። 85 ዋት፣ ሁለት ባለ 12 ኢንች ስፒከር፣ ጥርት ባለ ድምፁ የሚወዳደረው የለም። ክብደቱ ግን ወደ 29 ኪሎ ይደርሳል፤ የጤፍ ከረጢት ነው። ታናሽ ወንድሙ ዴሉክስ ሪቨርብ 22 ዋት፣ አንድ ስፒከር፣ 19 ኪሎ ያህል ነው። ሁለቱም በ1963 የወጡ ሲሆኑ ፋብሪካው እንደ ዱሮው አድርጎ መልሶ ሠርቷቸዋል። ከ1965 በፊት፣ ማለትም ፌንደር ለሲቢኤስ በ13 ሚሊዮን ዶላር ከመሸጡ በፊት የተሠራ ካልሆነ ብሎ ብዙ ሺህ ዶላር ማፍሰስ የሰብሳቢዎች ጨዋታ ነው፤ ለሠርግ ተጫዋች አይመከርም።

ሰው የሚሳሳተው ዋቱን እንደ ኪሎ ሲቆጥረው ነው። 85 ዋት ከ22 ዋት በድምፅ አራት እጥፍ አይበልጥም። ጆሯችን ድምፁ እጥፍ ሆነ የሚለው ኃይሉ አሥር እጥፍ ገደማ ሲያድግ ነው፤ ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከእጥፍ በታች ነው። በእርግጥ ዴሉክሱ መሐል ላይ ሲደርስ መወፈር ይጀምራል፤ ከኃይለኛ ድራምና ከናስ ጋር ጥርት ያለ ድምፅ ለሚፈልግ ያስቸግራል። መድኃኒቱ ትልቅ ሣጥን መግዛት ሳይሆን አንድ ማይክሮፎን ከፊቱ አቁሞ ለአዳራሹ ስፒከር ማቀበል፣ ሣጥኑንም ወንበር ላይ አውጥቶ ወደ ጆሮ ማቅረብ ነው። አብዛኛው ሰው ሣጥኑን መሬት ላይ ትቶ ለጉልበቱ ያጫውታል። ሌላም አለ። ዕድሜ ሲገፋ ጆሮ መጀመሪያ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ ስለዚህ አንጋፋው ሳይታወቀው ትሬብሉን እየጨመረ ይሄዳል፤ ፊት ያለው ጠረጴዛም ጆሮውን ይይዛል። ከመጀመር በፊት አንድ ወጣት ከአዳራሹ መጨረሻ ቆሞ እንዲፈርድ ማድረግ ነውር የለውም።

የእኔ ምርጫ ዴሉክሱ ነው። በየቤቱ ለሚደረግ ማኅበርና ለክራር ማጀቢያ 12 ዋቱ ፕሪንስተን ይበቃል። 19 ኪሎም የማይቻለው፣ ወይም በ2014 በተከፈተው የዩኒቨርሲቲ ጎዳና ባቡር የሚመላለስ ሰውስ? በ2019 የወጣው ቶን ማስተር ዴሉክስ አለ፤ መልኩ ያው፣ ክብደቱ 10 ኪሎ ተኩል ገደማ፣ ውስጡ ግን ቲዩብ ሳይሆን ኮምፒውተር ነው። ሲበላሽ እንደ ቲዩብ ነቅለው የሚተኩት ነገር የለውም፤ ይህ አያስደስተኝም። ሆኖም ምርጫው እሱ ወይም ጊታር መስቀል ከሆነ እሱን ግዙ። ክትፎ ፊቱ የቀረበለት እንግዳ ልዩነቱን አይለይም።

ቲዩብ የያዘ ሰው የሚኒሶታን ጥር ማክበር አለበት። ሌሊት መኪና ውስጥ ያደረ አምፕሊፋየር ሞቅ ያለ አዳራሽ ሲገባ ውስጡ ጤዛ ይይዛል፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሳይሰካ ይቆይ። ከጨዋታ በኋላም ቲዩቦቹ ሳይበርዱ አይነሣ። ክዳኑን ከፍቶ መነካካት ግን ለባለሙያ ይተው፤ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ሰው የሚገድል፣ ከ400 ቮልት በላይ የሆነ ኤሌክትሪክ ውስጡ ሊቀር ይችላል። አርሲኤ በ1976 ማምረቱን ካቆመ ወዲህ ቲዩብ በአብዛኛው የሚመጣው ከሩሲያ፣ ከስሎቫኪያና ከቻይና ነው። በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር ዋጋው ስለናረ አንድ መለዋወጫ አስቀምጦ መያዝ ብልህነት ነው።

አርቲስት ግርማ በየነ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው በ2017 አካሌ ውቤ ከተባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር አዲስ አልበም አውጥተዋል። እንደ እሳቸው አገር ቤት ገብተው ለመጫወት የሚያስቡ ካሉ ይህን ይወቁ፤ የእዚህ ዕቃ የተሠራው ለ120 ቮልትና 60 ሄርዝ ነው፤ የአገር ቤቱ 220 ቮልትና 50 ሄርዝ ነው። ቮልቱን የሚቀንስ ትራንስፎርመር ቢገዛም ሄርዙን አይለውጠውም፤ ስለዚህ ከሣጥኑ ጀርባ “50/60” የሚል ጽሑፍ መኖሩን ተመልከቱ፤ 60 ብቻ ከሆነ የውስጡ ትራንስፎርመር ከልክ በላይ ይግላል። ቲዩቦቹንም ነቅላችሁ፣ የየትኛው ቀዳዳ እንደሆኑ ጽፋችሁ፣ በልብስ ጠቅልላችሁ በእጅ ሻንጣ ያዙ። ሣጥኑ በጭነት ይሂድ።