ጦርነቱ አበቃ፤ ስለላው ቀጠለ

በጦርነት ጊዜ መንግሥት «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ቢል ብዙ ሰው ይቀበለዋል። ጥያቄው የሚመጣው ጦርነቱ ሲያበቃ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የአሜሪካ መንግሥት ከአገር የሚወጣውንና የሚገባውን ቴሌግራም በሕግ ይመረምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1945 ሰላም ወረደ፤ ሳንሱሩም ቀረ። የጦሩ የስለላ ክፍል ግን ዌስተርን ዩኒየንን ጨምሮ ሦስት ኩባንያዎች የደንበኞቻቸውን ቴሌግራም መስጠታቸውን እንዲቀጥሉ በምስጢር ጠየቀ። በሕግ እንዳይጠየቁ ቢሰጉም ተስማሙ። ዘመቻው «ሻምሮክ» ተባለ።

ከ1791 ጀምሮ የጸናው አራተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ መንግሥት ያለ በቂ ምክንያት ዜጎችን እንዳይበረብር ይከለክላል። ሻምሮክ ግን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ 30 ዓመት ዘለቀ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የስለላ ባለሙያዎች በወር ወደ 150,000 የሚጠጋ መልእክት ይመለከቱ ነበር።

በ1975 የሴናተር ፍራንክ ቸርች ኮሚቴ ጉዳዩን አደባባይ አወጣው። በ1978 ኮንግረስ ለእንዲህ ዓይነቱ ጠለፋ የፍርድ ቤት ፈቃድ የሚጠይቅ ሕግ ደነገገ። ከ2001ዱ የሽብር ጥቃት በኋላ ግን ፕሬዚዳንት ቡሽ ያንን ፍርድ ቤት ወደ ጎን ትተው ጠለፋ ፈቀዱ። ሕዝቡ የሰማው በ2005 ነው።

ጦርነት የወለደው ሥልጣን ሰላም ሲወርድ በራሱ አይሞትም። ማብቂያው አስቀድሞ በሕግ ካልተጻፈና ዳኛ ካልጠበቀው፣ የሚያበቃው ሲጋለጥ ብቻ ነው።