የደጃዝማች ዓለማየሁ ቤት ወዴት ነበረ?

በአዲስ አበባ ደቡብ ዳርቻ፥ በአቃቂ ቃሊቲ፥ በገላን ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ቤቱ ወዴት እንደ ሆነ ቢጠየቅ የሕንጻውን ቍጥርና የበሩን ቍጥር ይናገራል። አገሩ ወዴት እንደ ሆነ ቢጠየቅ ግን ቍጥሩን ትቶ አያቶቹ የኖሩበትን ቀዬና የተቀበሩበትን ደብር ይጠራል። ሁለቱም መልሶች እውነተኞች ናቸው፤ ዳሩ ግን አንድ አይደሉም። ይህን ልዩነት ያላስተዋለ ሰው የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ የደጃዝማች ዓለማየሁ ቤት በእንግሊዝ አገር ወዴት እንደ ነበረ ቢፈልግ ብዙ በር ያገኛል፤ ቤቱን ግን ለይቶ ለማወቅ ይቸገራል።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ይልቅ ሞትን መርጠው በገዛ እጃቸው ዐረፉ። ዓለማየሁ ያን ጊዜ ሰባት ዓመት ገደማ ነበረ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ከጦሩ ጋር ወደ ባሕር ሲጓዙ ታመው በግንቦት ወር በትግራይ ምድር ሞቱ፤ በጨለቆት ሥላሴም ተቀበሩ። እንዲህ ሆኖ አባቱንም እናቱንም በአንድ ወር ያህል ጊዜ ያጣው ሕፃን በመርከብ ተጭኖ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ።

ሕፃኑን እንዲጠብቅ የታዘዘው ካፒቴን ትሪስትራም ስፒዲ ነበረ። ይህ ሰው ቀድሞ ዐፄ ቴዎድሮስን ያገለገለ፥ አማርኛ የሚናገር፥ ቁመቱም እጅግ የረዘመ ነበረ፤ ኢትዮጵያውያን ባሻ ፈለቀ ይሉት ነበር። ስፒዲ ሕፃኑን ይዞ ከእንግሊዝ ደቡብ ጠረፍ ፊት ለፊት ወዳለችው ወደ ዋይት ደሴት ሄደ። በዚያች ደሴት በሰሜን በኩል ንግሥት ቪክቶሪያ ኦዝቦርን የሚባል ቤተ መንግሥት ነበራቸውና ሕፃኑን በዚያ ተቀብለው አዩት። በምዕራብ በኩል ደግሞ ፍሬሽወተር የምትባል የባሕር ዳርቻ መንደር አለች፤ ስመ ጥሩው ባለቅኔ ቴኒሰንም ያን ጊዜ ይኖርባት ነበር።

ሕፃኑ ወደ ፍሬሽወተር መምጣቱን አጥርቶ የሚመሰክር ፎቶግራፍ ነው። የቴኒሰን ጎረቤት የነበረችው ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን፥ በፎቶግራፍ ጥበብ ታሪክ ስሟ ከፍ ብሎ የሚጠራው፥ በሐምሌ ወር እ.ኤ.አ. 1868 ሕፃኑንና ስፒዲን አብረው ሳሉ አነሣቻቸው። ለሥዕሉ በተሰጠው ስም ላይ ሕፃኑ «ደጃች ዓለማየሁ፥ የንጉሥ ቴዎድሮስ ልጅ» ተብሏል፤ እንግሊዛዊው ስፒዲም በኢትዮጵያዊ ስሙ ባሻ ፈለቀ ተብሎ ተጠርቷል።

በዚህ ሥዕል እየተመራ የሚሄድ ሰው የካሜሮን መኖሪያ ወደ ነበረው ወደ ዲምቦላ ይደርሳል። የካሜሮን ቤተ ሰብ እ.ኤ.አ. በ1860 ሁለት ጎረቤት ቤቶች ገዝቶ በመካከላቸው ግንብ በማቆም አንድ አደረጋቸው፤ በሴሎን ደሴት በነበረው ርስቱም ስም ሰየመው። ባለቤቲቱም የዶሮ ቤት የነበረውን ጎጆ በመስተዋት አሠርታ የፎቶግራፍ ሥራ ቤት አደረገችው። ከ100 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ይህ ቤት ሊፈርስ ተቃርቦ ሳለ፥ እ.ኤ.አ. በ1993 ስለ እርሱ የተቋቋመ ማኅበር አዳነው፤ ዛሬም ሙዚየም ሆኖ ይጐበኛል።

እነሆ፥ አንደኛው በር ተገኘ። ነገር ግን ሥዕሉን አተኵሮ የሚያይ ሰው የሕፃኑን መጠጊያ በግድግዳው ሳይሆን በአጠገቡ በተቀመጠው ሰው ያገኘዋል። ስፒዲ የኢትዮጵያ ልብስ ለብሷል፤ በዚያ ባዕድ አገር የሕፃኑን ቋንቋ የሚያውቅ እርሱ ነበረና ሕፃኑ ከእርሱ መለየት አይወድም ነበር። ከዚያችው ደሴት ሚስት አግብቶ ለሥራ ወደ ህንድ አገር በሄደ ጊዜም ዓለማየሁን ይዞት ሄደ። በኋላ ግን የእንግሊዝ መንግሥት ልጁ በእንግሊዝ አገር ይማር ብሎ ወሰነና ከስፒዲ ለየው።

ከዚያ ወዲህ በሮቹ በዙ። በቼልተንሃም፥ ቀጥሎም በራግቢ ትምህርት ቤት ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1878 ሳንድኸርስት ወደ ተባለው የጦር ትምህርት ቤት ገባ። በመጨረሻም በሊድስ ከተማ፥ በሄዲንግሌ ሰፈር፥ በአንድ አስተማሪው ቤት ሳለ ሳንባውን ታመመና ኅዳር 5 ቀን 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ዐረፈ። ንግሥት ቪክቶሪያ ብቻውን ሆኖ፥ ዘመድ በሌለበት በባዕድ አገር መሞቱ እንዳሳዘናቸው በዕለት መዝገባቸው ጻፉ፤ በትእዛዛቸውም በዊንድሰር በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። በመታሰቢያው የናስ ሰሌዳ ላይ እንግዳን ስለ መቀበል ከሚናገረው ከማቴዎስ ወንጌል 25ኛ ምዕራፍ የተወሰደ ቃል ተቀርጿል።

እ.ኤ.አ. በ2007 የኢትዮጵያ መንግሥት ዐፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ ጠየቀ። የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ግን እ.ኤ.አ. በ2023 በሰጠው መልስ፥ በአጠገቡ የተቀበሩትን የብዙ ሰዎች ዕረፍት ሳያውኩ ይህን ማድረግ አይቻልም አለ። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር፥ የስፒዲ ተወላጆች ከቤተ ሰባቸው ዕቃ መካከል ያገኙትን ከዓለማየሁ ፀጉር የተቈረጠ ዘለላ በለንደን ለኢትዮጵያ አስረከቡ። በዊንድሰር ዐፅሙ ሳይመለስ፥ በፍሬሽወተር ዘመን አቅፎ ከጠበቀው ሰው ቤት በኩል ይህች ጥቂት ነገር ተመለሰች።

ፎቶግራፉ ስምና ቀን ባይኖረው ኖሮ ዛሬ ወደ ዲምቦላ የሚገባ ሰው በግድግዳው ላይ አንድ ስሙ ያልታወቀ ጥቍር ሕፃን አይቶ ያልፍ ነበር። በገላንም ሆነ በሌላ አዲስ ሰፈር፥ ከቀድሞ ቤቱ ወጥቶ በፎቅ የሚኖር ሰው በሣጥኑ ውስጥ የአያቶቹ ፎቶግራፍ ይኖረው ይሆናል። የቀድሞው ቤት ፈርሶ መንገድ ወይም ሌላ ሕንጻ ሊሆን ይችላል፤ ያን ቤት የሚያውቁት ሽማግሌዎችም በሕይወት ሳሉ የሚጠየቁበት ጊዜ አጭር ነው። ስለዚህ ከሥዕሉ ጀርባ የሰዎቹን ስም፥ የሰፈሩንና የደብሩን ስም፥ የተነሡበትንም ዓመት ዛሬውኑ መጻፍ ይገባል።