ተራ እና ጠራ የተምታቱበት ዘመን

አየር ጤና ሰፈር የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት በነበረኝ ጊዜ ፋይሎቻችን የአማርኛ ስም አልነበራቸውም። በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ማመልከቻ ስክሪን ላይ አማርኛ ይምሰል እንጂ ከሥሩ ላቲን ነው፤ ፎንቱም የፋይሉን ስም አይለውጥም። ስለዚህ ስሙን በላቲን፣ ጣታችን በለመደው ሕግ እንጽፋለን፦ ትንሿ ቲ «ት»፣ ትልቋ ቲ «ጥ»። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያዘጋጁት ሴራ የተባለው የአጻጻፍ ሥርዓትም እንዲሁ ነው የሚለየው።

ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም። ላቲን ስናለብሰው ግን ትርጉሙን በዚያ ላይ ጫንነው። ሊኑክስ ትልቁንና ትንሹን ለይቶ ያያል፤ ዊንዶውስ አንድ ያደርጋቸዋል። ውጭ አገር ሊኑክስ ላይ ዚፕ ተደርጎ በመጣ ፎልደር ውስጥ በቲ መጠን ብቻ የሚለያዩት «ተራ» እና «ጠራ» በሰላም ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እኛ ጋ ሲፈታ ዊንዶውስ «በነበረው ላይ ይተካ?» ይላል፤ እሺ ያለ ሰው አንዱን ያጣል።

እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ፊደላችንን ሲቀበል ነገሩ የተፈታ መስሎን ነበር። ዚፕ ግን እ.ኤ.አ. በ1989 ፊል ካትዝ ሲያወጣው የፋይል ስም የሚመዘግበው በዶስ ዘመን ኮድ ነበር፤ ስሙ በዩኒኮድ መጻፉን የሚያሳውቀው ምልክት ደንቡ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። በመሃል ያለፉት ዓመታት ለእኛ ክፉ ነበሩ። አንዳንድ አሮጌ ፕሮግራሞች የማያውቁትን ፊደል ሁሉ በታች ሰረዝ (አንደርስኮር) ይተኩት ነበር። አንድ የእድር ጸሐፊ የአባላቱን ቅጽ በየስማቸው አስቀምጠው ዚፕ አስደረጉት። አበበ፣ ከበደ፣ ተሰማ፦ ሦስቱም ሦስት ሦስት ፊደል ናቸውና ሦስቱም ያው ሦስት ሰረዝ ሆኑ። «ልጄ፣ ሰዎቼ የት ገቡ?» አሉኝ። የሰው ስም እንዲህ ሲጠፋ ማየት ዛሬም ይቆረቁረኛል። ከዚያ ወዲያ ከስሙ ፊት የአባሉን ቁጥር በአሃዝ እንጽፍ ጀመር፤ ዚፑንም ሁልጊዜ አዲስ ባዶ ፎልደር ውስጥ እንፈታለን።

ማክና ሊኑክስ ፈረንሳይኛ ላይ የሚጣሉበት ምልክት ያለበት ፊደል እኛን አይነካንም፤ እያንዳንዱ ፊደላችን የራሱ አንድ ኮድ አለውና። የእኛው ጣጣ ሌላ ነው። የሰፈር ስም የሆነው «ዓለም ባንክ» በዐይኑ፣ «አለም ባንክ» በአልፋው ቢጻፍ ለኮምፒውተሩ ሁለት ፎልደር ናቸው። ሲፈታ ጥያቄ እንኳ አይነሳም፤ ሁለቱም ይቀመጣሉ፣ አንዱ ይታረማል፣ ያልታረመው ይታተማል። ዐይኑ ይቅር አልልም፤ የቃሉ ታሪክ አለበት። የእኛ ሰፈር እድር ግን የሰፈሮቹን ስም አጻጻፍ በአንድ ወረቀት ወስኖ ከኮምፒውተሩ በላይ ለጥፏል፤ ዓለም ባንክ በዐይኑ ነው።